አዲሱ የመስታወት ባሕር ለምን ዋቅላሚ ይለብሳል?

ባሕር በሌለበት ከተማም ቢሆን ባሕርን ወደ ቤት ማስገባት ይቻላል። 200 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ 7 ኪሎ ግራም ያህል የባሕር ጨው፣ ውኃውን የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ መብራት፣ አሸዋና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ከተሟሉ፣ በእያንዳንዱ ሊትር 35 ግራም ጨው የያዘና ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ አነስተኛ ባሕር ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ውኃው የጠራ፣ አሸዋውም የነጣ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ግን አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር መነስነስ ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ጥቁር ቀይ ስስ ሽፋን ይከተላል። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ደግሞ ድንጋዩ አረንጓዴ ፀጉር ያበቅላል።

በዚህ ጊዜ የገንዳው ባለቤት ከሁለት ነገሮች አንዱን ለማድረግ ይገፋፋል። ወይ ዋቅላሚ ገዳይ የሆነ ኬሚካል ገዝቶ ይጨምራል፤ አለዚያም ተስፋ ቆርጦ ውኃውን አፍስሶ፣ ድንጋዩንና አሸዋውን አጥቦ እንደገና ይጀምራል። የመጀመሪያው እርምጃ ከዋቅላሚው ይልቅ ዓሦቹንና ሌሎቹን ነዋሪዎች ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ያስደግማል። ብዙ ሰዎች የጨው ውኃ ገንዳ ማሳደግን እርግፍ አድርገው የሚተዉት በእነዚህ ጥቂት ወራት ውስጥ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ዋቅላሚ በአዲስ የጨው ውኃ ገንዳ ውስጥ ለምን እንደሚበዛ፣ ምን እንደሚመገብና በምን ዘዴ ልኩን ማስያዝ እንደሚቻል እንመለከታለን። ልናስረዳ የምንፈልገው ዋና ነጥብ፣ የዋቅላሚው ብዛት በገንዳው ውስጥ የሚገባውና ከገንዳው የሚወጣው ንጥረ ምግብ ሒሳብ ውጤት መሆኑን ነው። ሒሳቡ ሳይስተካከል የሚወሰድ ማንኛውም እርምጃ ጊዜያዊ ነው።

ለመሆኑ ዋቅላሚ ምንድን ነው?

ዋቅላሚ ወይም በተለምዶ አልጌ የምንለው ስያሜ የአንድ ዘር መጠሪያ አይደለም። በብርሃን ኃይል በመጠቀም ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግባቸውን የሚሠሩ፣ ነገር ግን እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌላቸው ልዩ ልዩ ዘአካላት በጋራ የሚጠሩበት ስም ነው። በዓይን ከማይታዩት ባለ አንድ ሕዋስ ዘአካላት አንሥቶ፣ በቀዝቃዛ ባሕሮች ውስጥ በአሥራት በሚቆጠሩ ሜትሮች እስከሚረዝመው ኬልፕ ድረስ ያሉት ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ምግባቸውን የሚሠሩበት ሂደት ብርሃን አስተጻምሮ ሲሆን፣ ለዚህም ተግባር ሐመልሚል ወይም ክሎሮፊል የተባለውን ቀለም ይጠቀማሉ።

ዋቅላሚዎች በባሕር ሕይወት ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከፍተኛ ነው። ዳያቶም የተባሉት ብቻ በምድራችን ላይ ከሚካሄደው ብርሃን አስተጻምሮ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያከናውናሉ ተብሎ ይገመታል። ኮራሎችም ቢሆኑ ከምግባቸው አብዛኛውን የሚያገኙት በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩ ባለ አንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎች ነው። እንግዲያው ዋቅላሚ የሌለበት የባሕር ገንዳ ሊኖር አይችልም። ጥያቄው ዋቅላሚው ምን ያህል ይሁን፣ የትስ ይቀመጥ የሚል ነው።

እንደ ማንኛውም ዕፅዋት ሁሉ ዋቅላሚም ከብርሃንና ከካርቦን በተጨማሪ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያስፈልጉታል። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ዋና ይዘቱ እነዚሁ ሁለት ንጥረ ነገሮች መሆናቸውን እናስታውስ። አሜሪካዊው የባሕር ሳይንቲስት አልፍሬድ ሬድፊልድ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች እንዳስረዳው፣ በውቅያኖስ ውስጥ የሚንሳፈፉ ረቂቅ ዘአካላት አካል በአማካይ ለእያንዳንዱ የፎስፈረስ አቶም 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አቶሞችን ይይዛል። ይህ ምጥጥን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከእነዚህ አንዱ ሲያልቅ ሌሎቹ ቢተርፉም ዕድገቱ ይገታል። አንድ አናጢ መቶ ጠረጴዛ የሚሠራበት ጣውላ ኖሮት አራት እግር ብቻ ቢኖረው፣ የሚሠራው አንድ ጠረጴዛ ብቻ እንደሚሆን ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በአዲስ ገንዳ ውስጥ ከዓይናችን የተሰወረ ከፍተኛ የኬሚስትሪ ለውጥ ይካሄዳል። ዓሦች ከበሉት ፕሮቲን የሚተርፋቸውን ናይትሮጅን ስንጥብ በሚባለው የመተንፈሻ አካላቸው በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወግዳሉ። የተረፈ ምግብና የሞተ አካልም ሲበሰብስ አሞኒያ ያመነጫል። አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው።

በተፈጥሮ ይህን መርዝ የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህን ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ለይቶ ያጠናቸው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት ነበር። ባክቴሪያዎቹ በዝግታ የሚራቡ በመሆናቸው፣ በአዲስ ገንዳ ውስጥ ድንጋዩንና አሸዋውን ሸፍነው ሥራቸውን በሚገባ እስኪሠሩ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ይፈጃል። ዓሦች ወደ ገንዳው መግባት የሚገባቸውም አሞኒያውና ናይትራይቱ ከጠፉ በኋላ፣ ያውም አንድ በአንድ ነው።

የሂደቱ የመጨረሻ ውጤት የሆነው ናይትሬት ለዓሣ ብዙም የማያሰጋ ቢሆንም ለዋቅላሚ ግን የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ከዚህም ሌላ አዲሱ ገንዳ ገና ባለቤት ያልያዘው ምድር ነው። አዲስ በታረሰና ባልተዘራ ማሳ ላይ ቀድሞ የሚበቅለው አረም እንደሆነ ሁሉ፣ ባዶ በሆነው ድንጋይና አሸዋ ላይ ቀድሞ የሚሰፍረው ፈጥኖ የሚራባው ዘአካል ነው። ግጦ የሚቀንሰው እንስሳም ሆነ ቦታውን የሚሻማው ተፎካካሪ ገና አልመጣም።

ተራ በተራ የሚመጡ ሦስት እንግዶች

በአብዛኞቹ አዳዲስ ገንዳዎች ውስጥ የሚታየው ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ነው። መልካቸውን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ነው።

ቀዳሚዎቹ ዳያቶሞች ናቸው። ቡናማ አቧራ መስለው አሸዋውንና መስታወቱን ይሸፍናሉ፤ በጣት ሲነኳቸውም በቀላሉ ይበተናሉ። ዳያቶሞች አካላቸውን የሚሸፍኑት የመስታወት ዓይነት ጠባይ ባለው የሲሊካ ቅርፊት በመሆኑ፣ ለመራባት በውኃው ውስጥ የሟሟ ሲሊካ ያስፈልጋቸዋል። በአገራችን ስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ዳያቶማይት የተባለው ነጭ ቀላል ደለል የእነዚሁ ዘአካላት የጥንት ቅርፊት ክምችት ነው። በገንዳ ውስጥ የነበረው ሲሊካ ሲያልቅ ዳያቶሞቹ ያለማንም እርዳታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመናመናሉ። ሳይመናመኑ ከወራት በላይ ከቆዩ ሲሊካው ከውጭ እየገባላቸው ነው ማለት ነው።

ሁለተኛዎቹ ሳያኖባክቴሪያዎች ናቸው። እንደ ጥቁር ቀይ ወይም ሰማያዊ አረንጓዴ ስስ ጨርቅ ይነጠፋሉ፤ በላያቸው የአየር አረፋ ይይዛሉ፤ ሲላጡም እንደ ቁራጭ ቆዳ አንድ ላይ ይነሣሉ። ምንም እንኳ በልማድ ከዋቅላሚ ቢቆጠሩም በእርግጥ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በውኃው ውስጥ የሟሟውን የናይትሮጅን ጋዝ ራሳቸው ወደ ምግብነት የመለወጥ ችሎታ አላቸው። ስለዚህም ናይትሬት ተሟጥጦ ፎስፌት በተረፈበት ገንዳ ውስጥ ሌሎቹ ሲራቡ እነርሱ ይበዛሉ። ውኃው በማይንቀሳቀስበት ጥግና ቆሻሻ በሚጠራቀምበት አሸዋ ላይ ይበረታሉ።

ሦስተኛዎቹ እውነተኛዎቹ አረንጓዴ ዋቅላሚዎች ናቸው። መጀመሪያ በመስታወቱ ላይ እንደ ጉም ያለ አረንጓዴ ሽፋን ይታያል፤ ቀጥሎም ከድንጋዩ ላይ ፀጉር የመሰሉ ክሮች ይበቅላሉ። እነዚህ ክሮች ድንጋዩን አጥብቀው ስለሚይዙ፣ በመካከላቸውም ቆሻሻ ስለሚያጠራቅሙ፣ ከተስፋፉ በኋላ ኮራሎችን ሸፍነው ብርሃን እስከ መከልከል ይደርሳሉ። ትዕግሥትንም ሥራንም የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው።

ንጥረ ምግቡ ከየት ይመጣል?

ብዙዎች «እኔ ማዳበሪያ አልጨመርኩም» ይላሉ። በእርግጥ ጨምረዋል። እስቲ በ200 ሊትሩ ገንዳ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ።

አንድ ግራም ደረቅ የዓሣ ምግብ 45 በመቶ ፕሮቲን አለው እንበል። ከፕሮቲን ክብደት 16 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ በዚህ አንድ ግራም ምግብ ውስጥ 72 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይገኛል። ይህ ናይትሮጅን በሙሉ ወደ ናይትሬት ቢለወጥ 319 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይሆናል፤ በ200 ሊትር ውኃ ሲካፈል በሊትር 1.6 ሚሊ ግራም ነው። በምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ከክብደቱ 1 በመቶ ብንወስድ ደግሞ 10 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ወደ ፎስፌት ሲቀየር 31 ሚሊ ግራም ያህል፣ በሊትርም 0.15 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የኮራል ገንዳ ጠባቂዎች ፎስፌትን በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በታች ለማቆየት እንደሚጥሩ ስናስብ፣ አንድ ግራም ምግብ ብቻውን ከዚያ የሚያልፍ ሆኖ እናገኘዋለን። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ የዓሣው ሥጋ ሆኖ ይቀራል፤ የቀረው ግን በውኃው ውስጥ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ከላይ ባገኘነው ስሌት 72 ለ10 የሆነው የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ክብደት ወደ አቶም ብዛት ሲለወጥ 16 ለ1 ይሆናል። ይህም ሬድፊልድ ያገኘው ምጥጥን ነው። ነገሩ ከአጋጣሚ በላይ ነው፤ ሁለቱም ከሕያዋን አካል የተገኙ ናቸውና። እንግዲህ የዓሣ ምግብ ማለት ለዋቅላሚ በልኩ የተመጠነ ማዳበሪያ ማለት ነው።

ሁለተኛው የንጥረ ምግብ በር ውኃው ራሱ ነው። ከገንዳው በየቀኑ ውኃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። በአፍዴራ ሐይቅ አካባቢ ጨው የሚመረተው ውኃው ሲተን የሟሟው ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው። በገንዳው ውስጥ የሚደረገውም ይኸው ነው። በቀን 2 ሊትር ውኃ ተንኖ በቧንቧ ውኃ ይተካል እንበል። የቧንቧው ውኃ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ናይትሬትና 20 ሚሊ ግራም ሲሊካ ቢኖረው፣ በየቀኑ 20 ሚሊ ግራም ናይትሬትና 40 ሚሊ ግራም ሲሊካ ይገባል። በ30 ቀናት ውስጥ ይህ በሊትር 3 ሚሊ ግራም ናይትሬትና 6 ሚሊ ግራም ሲሊካ ይሆናል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል የሚወጣ የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ሲሊካ ስለሚሸከም፣ ዳያቶም ለምን አልጠፋ አለኝ ለሚለው ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ከቧንቧው ይገኛል።

ሦስተኛው በር ድንጋዩ ነው። ከባሕር የመጣ ድንጋይ በላዩ የነበሩት ዘአካላት በጉዞ ላይ ሞተው ከሆነ፣ ብስባሻቸው ለሳምንታት አሞኒያና ፎስፌት ይለቃል። ደረቅ ድንጋይም ቢሆን ቀድሞ ያጠራቀመውን ፎስፌት ቀስ እያለ ወደ ውኃው ሊመልስ ይችላል።

አሳሳቹ ዜሮ

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን ዘወትር ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ። ገንዳው በአረንጓዴ ፀጉር ተሸፍኖ ሳለ ውኃው ሲመረመር ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ የሚል ውጤት ይገኛል። ታዲያ ዋቅላሚው ምን እየበላ ነው?

መልሱ መመርመሪያው የሚለካው በውኃው ውስጥ የተረፈውን እንጂ የገባውን አለመሆኑ ነው። አንድ የእህል መጋዘን ማታ ባዶ ሆኖ ቢገኝ በዚያ ቀን እህል አልገባም ማለት አይደለም፤ የገባው ሁሉ ዕለቱን ተሽጦ ይሆናል። ዋቅላሚውም የሚገባለትን ንጥረ ምግብ በገባበት ፍጥነት ወስዶ የራሱ አካል አድርጎታል። ስለዚህ በዋቅላሚ በተሸፈነ ገንዳ ውስጥ ትክክለኛው መለኪያ ዋቅላሚው ራሱ ነው። ከዚህም አንድ ጠቃሚ መደምደሚያ እናገኛለን። በእጅ ተነቅሎ የተጣለ እያንዳንዱ እፍኝ ዋቅላሚ የያዘውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ከገንዳው ይወጣል። በመርዝ ሞቶ በገንዳው ውስጥ የበሰበሰ ዋቅላሚ ግን የያዘውን ሁሉ መልሶ ለውኃው ያስረክባል፤ ሲበሰብስም ኦክስጂኑን ይጨርሳል።

ከባሕር የመጡ ሁለት ምስክሮች

ይህ የገንዳ ሒሳብ በሰፊው ባሕርም ላይ ተፈትኗል። የመጀመሪያው ምስክር በሃዋይ የሚገኘው የካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ ነው። ለብዙ ዓመታት የከተማ ፍሳሽ ይለቀቅበት ስለነበረ፣ ዲክቲዮስፌሪያ ካቨርኖሳ የተባለ አረንጓዴ ዋቅላሚ ኮራሎቹን ሸፍኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ፍሳሹ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ እንዲዞር ተደረገ። ዋቅላሚው ቀነሰ፤ ይሁን እንጂ በአንዳንድ ስፍራ ለረጅም ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለሳምንታት የዘለቀ ዝናብና ደመና ብርሃኑን ሲጋርድ ግን ክምችቱ ባጭር ጊዜ ውስጥ ጠፋ፤ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ወደ ቀድሞው ብዛቱ አልተመለሰም። የንጥረ ምግቡ ምንጭ ከተዘጋ በኋላ የብርሃን ማነስ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ሁለተኛው ምስክር ጃማይካ ናት። በካሪቢያን ባሕር ዋቅላሚውን እየጋጠ ልኩን ያስይዝ የነበረው ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ከፓናማ አካባቢ የተነሣ በሽታ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በመላው ካሪቢያን ይህን እንስሳ ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። ዋቅላሚ በሊታ ዓሦች ቀድሞውኑ በማስገር ብዛት ተመናምነው፣ ኮራሉም በ1980 በደረሰው አውሎ ነፋስ ተጎድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት እንደተገለጸው፣ በጃማይካ ኮራሎች የሸፈኑት የባሕር ወለል ከ1977 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከ52 በመቶ ወደ 3 በመቶ ሲወርድ፣ ዋቅላሚ የሸፈነው ከ4 በመቶ ወደ 92 በመቶ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የዚሁ የባሕር ጃርት ዘመዶች በጅምላ መሞታቸው ተመዝግቧል።

ከሁለቱ ምስክሮች የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የዋቅላሚን መጠን የሚወስኑት የሚገባው ንጥረ ምግብ፣ የሚያገኘው ብርሃንና የሚግጠው እንስሳ ናቸው። ካኔኦሄ ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት፣ ጃማይካ ስለ ሦስተኛው ይናገራሉ።

ምን እናድርግ?

የመፍትሔዎቹ ቅደም ተከተል ከምንጩ ወደ ውጤቱ የሚሄድ መሆን አለበት።

አንደኛ፣ የሚገባውን መቀነስ ነው። ዓሦች በሁለት ደቂቃ ገደማ ጠርገው ከሚጨርሱት በላይ ምግብ አይሰጣቸው። በበረዶ ተቀርጾ የሚሸጥ ምግብ ሲሆን በወንፊት ላይ አቅልጦና አለቅልቆ መስጠት ጠቃሚ ነው። ለመተኪያም ሆነ ጨው ለማሟሟት የሚውለው ውኃ ሪቨርስ ኦዝሞሲስ በተባለው ዘዴ የተጣራ፣ ካልሆነም የተነጠረ ውኃ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የሚወጣውን መጨመር ነው። በየሳምንቱ ከገንዳው ውኃ 20 በመቶውን በአዲስ የጨው ውኃ ብንለውጥና ሌላ ባይጨመርበት፣ በሊትር 40 ሚሊ ግራም የነበረው ናይትሬት በአራት ሳምንታት ወደ 16 ሚሊ ግራም ያህል ይወርዳል። ነገር ግን አዲሱ ውኃ ራሱ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ናይትሬት ካለው፣ በአራት ሳምንታት የሚደረሰው 22 ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላም የቱንም ያህል ቢለወጥ ከ10 በታች መውረድ አይቻልም። የውኃ ለውጥ ሲደረግ ፀጉር መሰሉን ዋቅላሚ በእጅ እየነቀሉ፣ ሳያኖባክቴሪያውንና በአሸዋው ላይ ያለውን ቆሻሻ በቱቦ እየሳቡ ማውጣት ያስፈልጋል። የሟሟ ቆሻሻን በጥቃቅን የአየር አረፋ ላይ አጣብቆ የሚያወጣው አረፋ ለይ መሣሪያም በዚህ ረገድ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ ብርሃኑን መመጠን ነው። ገንዳው የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ይራቅ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኮራል ካልገባ መብራቱን በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ማብራት በቂ ነው። ኮራል ከገባ በኋላ ግን በውስጡ ያሉት ዋቅላሚዎች ብርሃን ስለሚፈልጉ መጠኑ በኮራሉ ፍላጎት ይወሰናል።

አራተኛ፣ ጋጮችን ማስገባት ነው። ትሮከስና ቱርቦ የተባሉ የባሕር ቀንድ አውጣዎች፣ እንዲሁም በባዶ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ አነስተኛ ሸርጣኖች ለ200 ሊትር ገንዳ ተስማሚ ናቸው። እነዚህም መግባት ያለባቸው አሞኒያና ናይትራይት ከጠፉ በኋላ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ብዙ ጋጭ በአንድ ጊዜ ቢገባ ዋቅላሚውን ጨርሶ በረኃብ ያልቃል፤ ሬሳውም ተመልሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ረጃጅም የተቆረጡ ክሮችን ብዙዎቹ ጋጮች ስለማይነኩ አስቀድሞ በእጅ መንቀል ይገባል።

አምስተኛ፣ ዋቅላሚን በዋቅላሚ መከላከል ነው። በዋናው ገንዳ ሥር ወይም ጎን በተለየ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ኬቶሞርፋ የተባለውን ጠመዝማዛ አረንጓዴ ዋቅላሚ በራሱ መብራት ማሳደግና በየጊዜው ማጨድ ይቻላል። ንጥረ ምግቡን እርሱ ስለሚሻማው በድንጋዩ ላይ ለሚበቅለው የሚተርፈው ያንሳል። በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተቋም ይሠራ የነበረው ዋልተር ኤዴይ ይህንኑ ሐሳብ በመከተል፣ ዋቅላሚን በወንፊት ላይ አሳድጎ በማጨድ የኮራል ገንዳዎችን ውኃ የሚያጠራ ዘዴ አበጅቷል። ጠላት የመሰለን ዘአካል በተገቢው ቦታ ሲቀመጥ ማጣሪያ ይሆናል ማለት ነው።

ከምን እንጠንቀቅ?

መዳብ ያለባቸው ዋቅላሚ ገዳይ መድኃኒቶች ቀንድ አውጣዎችን፣ ሸርጣኖችንና ኮራሎችን ይገድላሉ። ኤሪትሮማይሲንን የመሰሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ሳያኖባክቴሪያን ቢያጠፉም፣ አሞኒያን የሚያስወግዱትን ባክቴሪያዎች ሊጎዱ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን የለመዱ ተሕዋስያን እንዲፈጠሩም በር ይከፍታሉ። መንስኤው ካልተወገደ ደግሞ ቀዩ ጨርቅ ተመልሶ ይነጠፋል።

ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም ጉዳት አለው። ፎስፌትንና ናይትሬትን በኬሚካል ማጣሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ዜሮ ማውረድ ኮራሎችን ያስርባል፤ ዳይኖፍላጄሌት የተባሉ፣ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለጉና አንዳንዶቹ መርዛማ የሆኑ ተሕዋስያን ባዶውን ቦታ እንዲይዙም ዕድል ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን በማስታወሻ መዝግቦ መከታተል የተሻለ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው፣ የትኛው እንደጎዳው ሊያውቅ አይችልም።

በመጨረሻም፣ የተነቀለ ዋቅላሚ በወንዝ፣ በሐይቅ ወይም በባሕር ዳርቻ አይጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ የውቅያኖስ ቤተ መዘክር ሥር በባሕሩ ወለል ላይ ኮለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለ የገንዳ ዋቅላሚ በትንሽ ስፍራ በቅሎ ታየ። ከዚያ ተነሥቶም በሜዲትራኒያን ዳርቻዎች ተስፋፋ። ይኸው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ሲገኝ፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ በክሎሪን ለማጥፋት 6 ዓመታትና ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠይቋል። በባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚኖሩ አንባብያን የነቀሉትን ዋቅላሚ አድርቀው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ቢያስወግዱ ከዚህ መሰሉ ጥፋት ይጠበቃሉ።

ማጠቃለያ

በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሚታየው ቡናማ፣ ቀይና አረንጓዴ ሽፋን አንድ አዲስ ሥርዓተ ምህዳር ሚዛኑን እየፈለገ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። የሚገባውን የቀነሰ፣ የሚወጣውን የጨመረ፣ ብርሃኑን የመጠነና ጋጮችን በልኩ ያስገባ ሰው በአብዛኛው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ድንጋዩ ሐምራዊ ቅርፊት መሰል ዋቅላሚ ለብሶ፣ ፀጉሩ ጠፍቶ ያያል። ይህ ሐምራዊ ቅርፊት ራሱ ዋቅላሚ ነው፤ ቦታውን ይዞ ሌላውን የሚከላከል፣ ለኮራል ጫጩቶችም ማረፊያ የሚሆን ዋቅላሚ።

የጨው ውኃ ገንዳ ለማሳደግ ዕድል የማያገኝ ተማሪም ቢሆን ይህን ሒሳብ ማወቁ ይጠቅመዋል። በቆቃ ሐይቅ ማይክሮሲስቲስ የተባለው መርዛማ ሳያኖባክቴሪያ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ በ200 ሊትሩ ገንዳ ውስጥ ቀዩን ጨርቅ በሚያነጥፈው በዚያው ሕግ ነው። ልዩነቱ የገንዳው ባለቤት ስሕተቱን በየሳምንቱ 40 ሊትር ውኃ ለውጦ ማረም መቻሉ ነው፤ ለሐይቅ ግን የሚለወጥ ውኃ የለም፤ ያለው መፍትሔ የሚገባውን ከምንጩ መቀነስ ብቻ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ለገንዳውም ለሐይቁም ከመርዝ ይልቅ የሚያዋጣው በትዕግሥት የሚሠራ ሒሳብ ነው።